ሳጥኑና ቀስቱ በምን ይሳል? የሶፍትዌር ንድፍ መሳያ አመራረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ መሥሪያ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ኃላፊዬ አንድ ሰነድ ላከልኝና «ሲስተሙን ከዚህ ተነሥተህ ትረዳዋለህ» አለኝ። በሰነዱ መሃል ገጹን የሞላ ሥዕል አለ፤ አሥራ አራት ሳጥን፣ በመካከላቸው እንደ ክር የተጠላለፈ ቀስት፣ ከታች በስተቀኝ ደግሞ «የማሳወቂያ ሰርቨር» የሚል ሳጥን። ያንን ሰርቨር ኮዱ ውስጥ ሁለት ቀን ፈለግሁት። በሦስተኛው ቀን አንዲት የቆየች ባልደረባዬ አየችኝና «እሱማ ከተነሣ ዓመት አለፈው፤ አሁን መልእክቱን የሚልከው ዋናው ሰርቨር ራሱ ነው» አለችኝ።

ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እንኳ እንዳይደክም ሥዕሉን ላስተካክለው ብዬ ዋናውን ፋይል ጠየቅሁ። የተሳለው በወር ክፍያ በሚሠራ የድረ ገጽ መሣሪያ ነው። አካውንቱ የተከፈተው ሥራ በለቀቀ ሰው ኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ ተዘግቷል፣ ክፍያውም ቆሟል። እጃችን ላይ የቀረው ሊታረም የማይችል ምስል ብቻ ነበር። አንዲት ሳጥን ለማውጣት አሥራ አራቱንም እንደገና መሳል ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ «ለዲያግራም የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ከቀለምና ከሳጥን ቅርጽ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሥዕሉን ከስድስት ወር በኋላ የሚያርመው ማን ነው? ፋይሉንስ ከየት ያገኘዋል? ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ካለ ምርጫው ከግማሽ በላይ አልቋል። ቀሪው ግማሽ ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሥዕሉ የሚመልሰው ጥያቄ

ዲያግራም የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። ምሳሌ ይዘን እንየው። የእቁብ መተግበሪያ እየሠራን ነው እንበል። እቁቡ ሃያ እጣ አለው፤ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ እጣ 2,000 ብር ይጣላል፤ ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል፤ እሁድ እጣ ይወጣል፤ የደረሰው ሰው ዋስ አቅርቦ 40,000 ብር ይወስዳል።

ለእቁቡ ሰብሳቢ «መተግበሪያው ከማን ጋር ይገናኛል?» የሚለውን ለማሳየት አንድ ሳጥን በመሃል፣ በዙሪያው እቁብተኛው፣ ሰብሳቢው፣ ቴሌብርና የአጭር መልእክት አገልግሎቱ ይበቃሉ። ይህን ለመሳል እርሳስም ይበቃል። ሳይመን ብራውን የተባለው ባለሙያ ሲ-ፎር ብሎ ባወጣው አሣሣል ይህ የመጀመሪያው፣ ከሁሉም ውጨኛው ደረጃ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገባ ሲስተሙ የተሠራባቸው ትልልቅ ክፍሎች፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ክፍል ውስጠኛ አካላት፣ በመጨረሻ ኮዱ ራሱ ይመጣል። አብዛኛው ቡድን ከሁለተኛው ደረጃ በታች መሳል አያስፈልገውም፤ ኮዱን ማንበብ ይቀላል።

ጥያቄው «ክፍያ ሲፈጸም ማን ለማን፣ በምን ቅደም ተከተል መልእክት ይልካል?» ከሆነ ግን ያ ሥዕል ምንም አይነግረንም። እዚህ የቅደም ተከተል ዲያግራም ነው የሚያስፈልገው፤ ተሳታፊዎቹ ከላይ በመስመር ይቆማሉ፣ መልእክቶቹ ከላይ ወደ ታች በጊዜ ቅደም ተከተል ይወርዳሉ። እንዲህ ሲሳል ጥሩ ጥያቄ ብቅ ይላል፦ እቁብተኛው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ወደ ሰርቨራችን ሳይደርስ ኔትወርክ ቢቋረጥስ? ሰውየው ከፍሏል፤ የእኛ መዝገብ ግን አልከፈለም ይላል። እሁድ እጣ ሲወጣ ስሙ ሊዘለል ነው። ይህን ጉድለት በወሬ አናየውም፤ ቀስቱ መድረሻ ሲያጣ ግን ዓይናችን ላይ ይመጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ መረጃው እንዴት ይቀመጣል የሚለው ነው። መጀመሪያ ላይ «አንድ ሰው አንድ እጣ» ብለን ሰንጠረዥ እንሠራለን። እቁብ የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይስቃል፤ ሁለት እጣ የሚይዝ አለ፣ ግማሽ ግማሽ እጣ ይዘው ለሁለት የሚጋሩም አሉ። ስለዚህ በሰውና በእጣ መካከል ያለው መስመር በሁለቱም ጫፉ ሦስት ጣት ያለው፣ የቁራ እግር የሚባለው ምልክት ሊኖረው ነው፤ ትርጉሙም አንድ ሰው ከብዙ እጣ፣ አንድ እጣም ከብዙ ሰው ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ካልታየ ዳታቤዙ ሰው ከገባበት በኋላ ማፍረስ ይመጣል።

የንድፍ ምልክቶችን በአንድ ቋንቋ ለማድረግ የተሠራው ዩኤምኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ የንድፍ ሊቅ የራሱ አሣሣል ነበረው። ግራዲ ቡች፣ ጄምስ ራምቦና ኢቫር ያኮብሰን ራሽናል በተባለው ኩባንያ ውስጥ ተገናኝተው የየራሳቸውን አዋሐዱና፣ ኦኤምጂ የተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ተቀበለው። ዛሬ ዩኤምኤል አሥራ አራት ዓይነት ዲያግራም አለው። አትደንግጡ፤ በሥራ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው አራት ናቸው፦ የቅደም ተከተል፣ የክላስ፣ የሁኔታ ለውጥ እና የሥራ ሂደት። መሣሪያ ሲመረጥ «አሥራ አራቱንም ይደግፋል» የሚለው ማስታወቂያ ለፈተና ካልሆነ ለብዙዎቻችን ጥቅም የለውም።

መሳል፣ መጻፍ፣ ሞዴል መሥራት

ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ብዙ ይምሰሉ እንጂ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። በዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንዱን ከሌላው ወገን ጋር ሲያወዳድር ነው።

የመጀመሪያው ወገን በመዳፊት እየጎተቱ የሚሳልበት ነው። ቪዚዮ የዚህ ወገን አንጋፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ፣ በ2000 ማይክሮሶፍት ገዛው። ሉሲድቻርት በድረ ገጽ ላይ ብዙ ሰው አንድ ላይ እንዲስል ያደርጋል፤ ነፃው ደረጃ ግን ሊታረሙ የሚችሉ ሦስት ሰነዶችን ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ አንድ መካከለኛ ፕሮጀክት ሦስቱን በሳምንት ይጨርሳቸዋል። ኤክስካሊድሮው በእጅ የተጫረ የሚመስል ሥዕል ያወጣል፤ ይህ ለቁንጅና ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉ ገና ሐሳብ እንደሆነ ለተመልካቹ ስለሚነግረው ሰው ሳይፈራ ይተቻል። ድሮው ዶት አይኦ ደግሞ በነፃ፣ ያለ አካውንት፣ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የዚህ ወገን መሣሪያ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

በድሮው ዶት አይኦ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ሥዕሉን ወደ ፒኤንጂ ምስል ስታወጡ «የዲያግራሙን ቅጂ አብረህ ክተት» የሚል ምርጫ ይሰጣችኋል። ያንን ከመረጣችሁ ምስሉ እንደ ማንኛውም ፎቶ ሰነድ ውስጥ ይገባል፣ በቴሌግራም በፋይል መልክም ይላካል፤ ያንኑ ምስል መልሳችሁ በድሮው ዶት አይኦ ስትከፍቱት ግን ሳጥኖቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጽሑፉ ይታረማል። ዋናው ፋይልና ምስሉ አንድ ሆኑ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ የገጠመኝ ችግር በዚህች ምርጫ ብቻ ይፈታ ነበር። ጥንቃቄው፦ ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ከላካችሁት ምስሉ ስለሚጨመቅ በውስጡ ያለው ቅጂ ይጠፋል፤ በፋይል መልክ ላኩት።

ሁለተኛው ወገን ምንም አያስጎትትም። ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ እሱ ይስላል። ፕላንትዩኤምኤል እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ፤ መርሜድን ስዊድናዊው ክኑት ስቬይድክቪስት እ.ኤ.አ. በ2014 ጀመረው፤ ዲ-ቱ ከሁለቱም ኋላ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ኮዱ ለሕዝብ ተከፈተ። የእቁባችን ክፍያ በፕላንትዩኤምኤል ሲጻፍ፣ መክፈቻና መዝጊያ መስመሮቹን ትተን፣ በጥቅሉ ይህን ይመስላል፦

እቁብተኛ -> መተግበሪያ : የዚህን ሳምንት ልክፈል
መተግበሪያ -> ቴሌብር : 2000 ብር ጠይቅ
ቴሌብር -> እቁብተኛ : የሚስጥር ቁጥር አስገባ
እቁብተኛ -> ቴሌብር : የሚስጥር ቁጥር
ቴሌብር -> መተግበሪያ : ተከፍሏል
መተግበሪያ --> እቁብተኛ : ደረሰኝ

ስድስት መስመር ነው። ከዚህ ሦስት ተሳታፊና ስድስት ቀስት ያለው የተስተካከለ ዲያግራም ይወጣል፤ ሁለት ሰረዝ ያለው የመጨረሻው ቀስት ነጠብጣብ ሆኖ ይሳላል፣ የመልስ ምልክት ነው። ቀደም ሲል ያነሣነውን የኔትወርክ ችግር ለመፍታት ሰርቨራችን በየአምስት ደቂቃው ቴሌብርን «ይህ ክፍያ አልቋል?» ብሎ እንዲጠይቅ ብንወስን፣ አምስተኛው መስመር ላይ አንድ መስመር እንጨምራለን። ከታች ያለው ሁሉ ራሱ ይወርዳል። በመዳፊት የተሳለ ቢሆን ከዚያ በታች ያለውን ቀስት በሙሉ መርጦ ወደ ታች መግፋት ነበር።

ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር በአንድ ማኅደር፣ የኮድ ለውጥን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ፕሮግራመር የክፍያውን ኮድ ሲቀይር የዲያግራሟንም መስመር በዚያው ለውጥ ውስጥ ይቀይራል፤ ገምጋሚው ኮዱን ሲያይ የተጨመረችውን መስመር በአረንጓዴ ያያታል፤ ካልተቀየረችም «ዲያግራሙስ?» ብሎ ይጠይቃል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው ታሪኩ ይቀራል። የድሮው ዶት አይኦ ፋይልም ጊት ውስጥ መግባት ይችላል፤ ነገር ግን ውስጡ ኤክስኤምኤል፣ ማለትም ለኮምፒውተር የተዘጋጀ የምልክትና የቁጥር ጽሑፍ ስለሆነ አንድ ሳጥን በአንድ ጣት ስትገፉ የሚታየው የቁጥር ለውጥ ነው፤ ገምጋሚ ከዚያ ምንም አያነብም።

የጊት ማኅደሮች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ጊትሃብ ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰነድ ውስጥ የተጻፈ መርሜድን ራሱ እየሳለ ያሳያል፤ ጊትላብም እንዲሁ። ስለዚህ ሥራችሁ እዚያ ከሆነ መርሜድ ምንም ሳይጫን ይሠራል። በሌላ በኩል ፕላንትዩኤምኤል ጃቫ ይፈልጋል፤ ለአንዳንዶቹ ዲያግራሞች ሳጥኖቹን በገጹ ላይ የሚደለድለው ግራፍቪዝ የተባለ ፕሮግራምም ያስፈልገዋል፤ በምላሹ የዩኤምኤል ምልክቶችን ከመርሜድ በሰፋ ሁኔታ ያውቃል፣ መልክንም የበለጠ መቆጣጠር ይቻላል። ለቅደም ተከተል ዲያግራም ሁለቱም ጥሩ ናቸው።

የጽሑፍ መሣሪያ ድክመቱም እውነት ነው። ሳጥኖቹን የሚያስቀምጠው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ለቅደም ተከተል ዲያግራም ይህ ችግር የለውም፤ አምዶቹ በመስመር ናቸው። ሃያ ሳጥን ያለው የሲስተም ሥዕል ላይ ግን ቀስቶቹ የሸረሪት ድር ይሆናሉ፣ ዳታቤዙ ከታች እንዲሆን ብትፈልጉ ከላይ ያስቀምጥላችኋል፤ ለማስተካከል ስትታገሉ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እንደዚህ ሲሆን የምሰጠው ምክር መሣሪያውን መርገም ሳይሆን ሥዕሉን መክፈል ነው፤ ሃያ ሳጥን በአንድ ገጽ ላይ ለሰው ዓይንም ይከብዳል። መክፈል የማይቻል ከሆነ ያንን አንዱን በድሮው ዶት አይኦ ሳሉት። ሁለት መሣሪያ መጠቀም ነውር የለውም።

ሦስተኛው ወገን ሞዴል መሥሪያ ነው። ከሁለቱ የሚለይበትን ለማየት አንድ ነገር ሞክሩ፦ በአሥር ዲያግራም ላይ የተጻፈውን «እቁብተኛ» የሚለውን ስም ወደ «አባል» ቀይሩ። በሥዕል መሣሪያ አሥር ቦታ እየሄዳችሁ ትቀይራላችሁ፣ አንዱን ትረሳላችሁ። በሞዴል መሣሪያ እቁብተኛ የሚባል አንድ ነገር በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ዲያግራሞቹ የዚያ ነገር መስኮቶች ናቸው። እዚያ አንድ ጊዜ ስትቀይሩ አሥሩም ላይ ይቀየራል። የአውስትራሊያው ስፓርክስ ሲስተምስ የሚሠራው ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክት፣ ቪዥዋል ፓራዳይም፣ በነፃ የሚገኘው ፓፒረስ ከዚህ ወገን ናቸው። በጽሑፍና በሞዴል መካከል የቆመ አንድ አለ፤ የሳይመን ብራውን ስትራክቸራይዘር። ሲስተሙን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ትገልጻላችሁ፣ ከዚያ የተለያዩ ደረጃ ሥዕሎች ከዚያው ይወጣሉ። የሲ-ፎርን አሣሣል ለመከተል ለወሰነ ቡድን ከሁሉም ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ሞዴል አንሠራም? ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ። ሞዴሉን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከሌለ ከኮዱ ጋር የሚለያየው ከሥዕል በባሰ ፍጥነት ነው፤ ሰዎች ግን «ሞዴሉ ላይ እንዲህ ይላል» ብለው ያምኑታል። ባንክ፣ የቴሌኮም ድርጅት፣ ትልቅ የመንግሥት ሲስተም ዲዛይኑን በውል ማስረከብ ካለበት ዋጋ አለው። ለአምስት ሰው ቡድን አልመክርም።

በአማርኛ ስንስል

ይህ ክፍል በሌላ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ላይ አይገኝምና ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ ዛሬ የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች በአማርኛ ጽሑፍ ይቀበላሉ። ችግር የሚመጣው ሥዕሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ አምሮ የታየው የፕላንትዩኤምኤል ሥዕል፣ ሰርቨር ላይ በራሱ እንዲወጣ ስናደርገው በየፊደሉ ፋንታ ባዶ አራት ማዕዘን ሞላበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የአማርኛ ፎንት አልተጫነም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ነፃ ፎንት እዚያው መጫን ብቻ በቂ ነው። መርሜድ የሚሳለው በተመልካቹ ብራውዘር ውስጥ ስለሆነ በዚያ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያለውን ፎንት ይጠቀማል፤ አማርኛ የሚያነብ ስልክ ላይ ያለ ምንም ጣጣ ይታያል። ሥዕሉን ኤስቪጂ ወደተባለው የምስል ዓይነት ስታወጡ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚቀር እንዲሁ በተመልካቹ ፎንት ላይ ይንጠለጠላል፤ ፎንት የሌለው ሰው ዘንድ እንዳይበላሽ ከፈለጋችሁ ፒዲኤፍ ወይም ፒኤንጂ ላኩ።

ሁለተኛው ወጥመድ የነጥብ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከስሙ በኋላ የመጡት ሁለት ነጥቦች የላቲኑ ናቸው። በአማርኛ ኪቦርድ ስንጽፍ ግን እጃችን ላይ የሚመጣው የእኛው ሁለት ነጥብ፣ ወይም ሰረዝ ያለበት ነው። ለዓይን ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸውና «ይህ መስመር ስህተት አለበት» ብሎ ያቆማል። አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ ግማሽ ሰዓት ያንን መስመር እያየ ተቀምጦ ነበር፤ ስህተቱን ማየት አይችልም፣ በዓይን አይታይምና። የጥቅስ ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ባለ ሁለት ማዕዘኑ የእኛ ጥቅስ አይሠራም።

ሦስተኛው ደግሞ ከፊደላችን ባሕርይ ይመጣል። ስሙን አንድ ቦታ በ«እ»፣ ሌላ ቦታ በ«ዕ» ብትጽፉት፣ «እቁብተኛ» እና «ዕቁብተኛ» ለመሣሪያው ሁለት ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ ላይ ሁለት አምድ ያወጣና ግማሹን መልእክት ወደ አንዱ፣ ግማሹን ወደ ሌላው ይልካል፤ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም። ሰርቨርና ሠርቨር፣ ጸሐፊና ፀሐፊ፣ ሒሳብና ሂሳብ፣ ሁሉም በዚሁ ያልፋሉ። መፍትሔው ከላይ አንድ ጊዜ የተሳታፊውን ሙሉ ስም አውጆ፣ ከታች በአጭር መለያ ብቻ መጥራት ነው፤ ፕላንትዩኤምኤልም መርሜድም ይህን ይፈቅዳሉ። ከሁለት ቃል የተሠራ ስምም፣ ለምሳሌ «የእቁብ ሰብሳቢ»፣ በዚሁ መንገድ ይፈታል።

ስለ ቋንቋው ራሱ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ኮድ ውስጥ ያለ ስም በኮዱ ውስጥ እንደተጻፈ ይቅር፤ ፕሮግራመሩ ፈልጎ ሊያገኘው ይገባል። በቀስቱ ላይ የሚጻፈው ማብራሪያ ግን ሥዕሉን በሚያየው ሰው ቋንቋ ይሁን። የእቁብ ሰብሳቢው አጠገቤ ቁጭ ብሎ የክፍያውን ዲያግራም በአማርኛ ሲያይ «ተወው እንጂ፣ እኔ ዘንድ እኮ በጥሬ ብር የሚያመጡም አሉ» ቢለኝ፣ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር በሌላ ቋንቋ በተጻፈ ሥዕል አላገኘውም ነበር።

ኔትወርክ፣ ዶላር፣ ምሥጢር

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሦስት ተጨማሪ ሚዛኖች አሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥዕሉ ይከፈታል ወይ? በድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ስብሰባው መሃል ላይ ባዶ ገጽ ሊያሳያችሁ ይችላል። ድሮው ዶት አይኦ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ፕላንትዩኤምኤል እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለቱም ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ።

ክፍያው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ፣ በዓለም አቀፍ ካርድ፣ በየወሩ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ባልደረባ በካርዱ ሲከፍልላችሁ የቆየ አካውንት ካለ፣ ሥዕሎቻችሁ በአንድ ሰው ቸርነት ላይ ነው የቆሙት። በተቻለ መጠን መሣሪያው ነፃ ይሁን፤ የሚከፈልበት ከሆነም በድርጅቱ ኢሜይልና በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ በየወሩም አንድ ሰው ዋናዎቹን ፋይሎች አውጥቶ በራሳችሁ ዘንድ ያስቀምጥ።

ምሥጢሩን ብዙ ሰው አያስበውም። የሲስተም ዲያግራም ማለት ዳታቤዙ የት እንዳለ፣ ከየት በየት እንደሚገባ የሚያሳይ የቤት ካርታ ነው። ፕላንትዩኤምኤል ለመሞከሪያ ለሕዝብ የከፈተው ሰርቨር አለ፤ እዚያ የምትጽፉት ጽሑፍ ተጨምቆ የሚገባው በሊንኩ ውስጥ ነው። ሊንኩን ያገኘ ሰው ሙሉውን ዲያግራም መልሶ ያነበዋል። ለትምህርት ጥሩ ነው፤ የደንበኛ ሲስተም ግን በፍጹም እዚያ አይሳል። የራስ ኮምፒውተር ላይ ወይም የራስ ሰርቨር ላይ ይሁን። የቻት ሮቦቶችም ላይ ያው ነው፤ ዛሬ «የዚህን ሂደት መርሜድ ጻፍልኝ» ብላችሁ ስትጠይቁ ይጽፉላችኋል፣ ለመነሻም ይረዳሉ። ነገር ግን የሌለ ቀስት አምሮ ተስሎ ይመጣል፤ አንድ በአንድ ከኮዱ ጋር ሳይመሳከር አይለጠፍ።

የዳታቤዝ ሥዕልን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፤ ዳታቤዙ ካለ አትሳሉት። ዲቢቨር ወይም ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ካለው ዳታቤዝ ሰንጠረዦቹንና ግንኙነቶቻቸውን አንብቦ ራሱ ይስለዋል፤ በሚቀጥለው ወርም እንደገና ያወጣዋል። በእጅ የሚሳለው ገና ያልተሠራው ብቻ ነው።

እንግዲህ «በአንድ ቃል ንገረኝ» ለሚለኝ፦ ጊት ላይ ለሚሠራ ትንሽ ቡድን ለቅደም ተከተልና ለሁኔታ ለውጥ መርሜድ፣ ለትልቁ የሲስተም ሥዕል ድሮው ዶት አይኦ ከነቅጂው በተቀመጠ ፒኤንጂ፤ ሁለቱም ኮዱ ባለበት ማኅደር፣ «ዲያግራም» በሚባል አንድ ፎልደር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መምህሩ የዩኤምኤልን ምልክት በጥብቅ ከጠየቀው ፕላንትዩኤምኤል። መሥሪያ ቤቱ ቪዚዮ ገዝቶ ሁሉም ሰው የለመደው ከሆነ፣ ቪዚዮ፤ ሰው የሚያውቀው መሣሪያ የማያውቀውን የተሻለ መሣሪያ ያሸንፋል። የቪዚዮ ፋይል ድሮው ዶት አይኦ ውስጥም ስለሚከፈት በኋላ መሻገር ይቻላል፤ ቀስቶቹ አንዳንዴ ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ፣ ሳጥኖቹ ግን ይመጣሉ። የመርሜድ ጽሑፍም ድሮው ዶት አይኦ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ስብሰባ ብቻ ከሆነ ነጭ ሰሌዳና የስልክ ካሜራ፤ ያንን ሥዕል ግን ሰነድ ውስጥ አታስገቡት፣ ወይም ቀኑን በጉልህ ጻፉበት።

ያንን አሥራ አራት ሳጥን በመጨረሻ እንደገና ሳልሁት። ሁለት ቀን ወሰደብኝ፤ አብዛኛው ጊዜ የሄደው በመሳሉ ሳይሆን የቀድሞው ቀስት አሁንም አለ ወይ እያልሁ ሰው በመጠየቅ ነው። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ቀድሞ ጠፍተው ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ያልነበሩ ሁለት ደግሞ ተገኙ። አሥራ ሦስቱን በሁለት ገጽ ከፍዬ ኮዱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ከአራት ወር በኋላ አንድ ሰርቨር ለሁለት ስንከፍል ለውጡን የጻፈችው ልጅ ሥዕሉንም በዚያው አርማው መጣች፤ ማንም አልጠየቃትም።